ሞተሪኖ በልኩ እንጂ በመኪናው ስም አይሸጥ

የጭነት መኪና ሞተሪኖ፣ ማለትም ሞተሩን የሚያስነሳው የኤሌክትሪክ ማስነሻ፣ ሲሞት መኪናው ባለበት ይቀራል። ጎማ ቢፈነዳ ትርፍ ጎማ አለ፤ የፊት መብራት ቢጠፋ እስኪነጋ ይታገሡታል፤ ሞተሪኖ እምቢ ሲል ግን ሰሊጥ ወይም ሲሚንቶ ጭኖ የቆመን መኪና ገፍቶ የሚያስነሳ ጉልበት በቀላሉ አይገኝም። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ፣ ከጎንደር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘውን ማክሰኝትን ጨምሮ፣ ከአዘዞ እስከ አዲስ ዘመን መንገድ ዳር ባሉ ጋራዦች ለዚህ ችግር የሚሰጠው መፍትሔ የታወቀ ነው፤ ከሌላ ሞተር የወረደ ሞተሪኖ ይፈለጋል፣ ይሞከራል፣ ከገጠመ መኪናው መንገዱን ይቀጥላል። አንዳንዱ እንዲህ የተገጠመ ሞተሪኖ ዓመታት ያገለግላል። አንዳንዱ ደግሞ በሳምንቱ ጥርሱን ጨርሶ፣ የሞተሩንም ጥርስ በልቶ ይመለሳል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የዕድል ጉዳይ ተደርጎ ሲወራ ይሰማል። ነገሩ ግን ከዕድል ጋር አይገናኝም፤ በካሊፐር የሚለካ ነገር ነው። የአንዱን ሞተር ሞተሪኖ ለሌላው መግጠም ነውር የለበትም፤ እንዲያውም ለዚህ አገር የግድ ነው። ጥፋቱ ሞተሪኖ የሚሸጠውና የሚመረጠው በመኪናው ስም መሆኑ ላይ ነው። «የአይሱዙ ነው»፣ «የሲኖ ነው»፣ «የኢቬኮ ነው» የሚባለው ቀርቶ ሞተሪኖ በልኩ ይሸጥ፣ በልኩም ይገጠም እላለሁ።

መጋራቱ ለምን የግድ እንደሆነ ለመረዳት በዚያ መንገድ የሚያልፈውን መኪና መቁጠር ይበቃል። ከመተማና ከሁመራ ሰሊጥ ጭኖ የሚመጣው፣ ከማክሰኝትና ከበለሳ ጤፍና ሽምብራ የሚያወጣው፣ ከመሐል አገር ሲሚንቶና ብረት የሚያስገባው መኪና የአንድ ፋብሪካ ልጅ አይደለም። የጣልያን ጦር ኅዳር 1934 ጎንደር ላይ እጁን ሲሰጥ መንገዱን ብቻ ሳይሆን የጭነት መኪኖቹንም ትቶ ነው የሄደው። ከዚያ በኋላ በአገሪቱ ዳገት ሁሉ ስሙ የገነነው ፊያት 682፣ ሾፌሮች «ኤንትሬ» የሚሉት መኪና መጣ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተቋቋመው አምቼ የፊያትን፣ ኋላም የኢቬኮን መኪኖች አዲስ አበባ ላይ ሲገጣጥም ኖረ። በደርግ ዘመን የሶሻሊስት አገሮች መኪኖች ተጨመሩ። ከዚያ የጃፓኑ አይሱዙ ገበሬውንና ነጋዴውን አገናኘ፤ ባለፉት ሃያ ዓመታት ደግሞ የቻይናው ሲኖትራክ የግንባታውን ሥራ ያዘ። የአንዱ ዘመን መኪና ሌላው ሲመጣ ከመንገድ አልወጣም፤ ሁሉም ጎን ለጎን ይሠራል። እንዲህ ላለው ስብስብ ለእያንዳንዱ ዓይነት የራሱን ሞተሪኖ በየከተማው መደርደሪያ ማስቀመጥ የሚችል ነጋዴ የለም። ማክሰኝት ያለ የመለዋወጫ ሱቅ ይቅርና የመርካቶና የሶማሌ ተራ ነጋዴም አይችለውም።

ገንዘቡም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋው በዚያው ልክ ተሰቀለ። ከ2015 ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት ደግሞ መንገድ በተደጋጋሚ እየተዘጋ፣ አዲስ አበባ የታዘዘ ዕቃ መቼ እንደሚደርስ አስቀድሞ መናገር አልተቻለም። አንድ መኪና ቆሞ የሚያድርበት እያንዳንዱ ቀን የሾፌርና የረዳት አበል፣ የሚበላሽ ጭነት፣ ለባንክ የሚከፈል ዕዳ ነው። በዚህ ሁኔታ ላይ ላለ ባለንብረት «የመኪናህን ኦሪጅናል ሞተሪኖ ብቻ ግዛ» ማለት ምክር አይሆንም፤ ሥራህን አቁም እንደማለት ነው።

ኦሪጅናል የሚለው ቃል ራሱ መታየት አለበት። ቻርልስ ኬተሪንግ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1911 እ.ኤ.አ. የኤሌክትሪክ ማስነሻውን ሠርቶ በ1912ቱ ካዲላክ ላይ ካስገጠመ ወዲህ ሞተሪኖ የሚሠሩት በአብዛኛው መኪና ሠሪዎች ሳይሆኑ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሠሪዎች ናቸው። ጀርመን ውስጥ ቦሽ፣ ጃፓን ውስጥ ሂታቺ፣ ሚትሱቢሺና ዴንሶ፣ አሜሪካ ውስጥ ዴልኮ ሬሚ ለብዙ የመኪና ብራንዶች ሲያቀርቡ ኖረዋል። ስለዚህ ሁለት ተቀናቃኝ ኩባንያዎች የሠሯቸው መኪኖች የአንድ ፋብሪካ ሞተሪኖ ተሸክመው ሊገኙ ይችላሉ፤ የአንድ ኩባንያ ሁለት መኪኖች ደግሞ ፈጽሞ የማይገጣጠም ሞተሪኖ ሊኖራቸው ይችላል። በሲኖትራክ ላይ በብዛት የሚታየው 9.7 ሊትር ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ንድፉ ከኦስትሪያው ሽታየር የመጣ ነው። በመኪናው ግንባር ላይ ያለው ስም ስለ ሞተሪኖው የሚናገረው በጣም ጥቂት ነው። የአሜሪካ አውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር ለሞተሪኖ መግጠሚያ ጄ 542 የተባለ ደረጃ ያወጣው፣ የትኛው ፊት ከየትኛው ቤት ጋር እንደሚገጥም በስም ሳይሆን በቁጥር እንዲታወቅ ነው። ዴልኮ ሬሚም 39 ኤምቲ የተባለውን ሞተሪኖ ሲሠራ የመግጠሚያ ፊቱ እንዲዞር አድርጎ፣ ከራሱ የቀድሞ ከባድ ሞተሪኖዎች ብዙዎቹን በአንድ ዕቃ እንዲተካ አስቦ ነው። እንግዲህ ማቀያየር የጋራዥ ብልሃት ብቻ አይደለም፤ ፋብሪካዎቹም ያደርጉታል። እነሱ የሚያደርጉት ግን ለክተው ነው።

ከልኮቹ ሁሉ ቀዳሚው ጥርስ ነው። ሞተሪኖው ጫፍ ላይ ያለው ቤንዲክስ ዘጠኝ፣ አሥር፣ አሥራ አንድ ወይም አሥራ ሁለት ጥርስ ይኖረዋል፤ የሞተሩ ፍላይዊል ደግሞ ከመቶ በላይ። ጥርስ መቁጠር ቀላል ነው፣ መካኒኩም ይቆጥራል። አደጋው ያለው ከቁጥሩ ቀጥሎ ባለው የጥርሱ ስፋት ላይ ነው። የአውሮፓና የእስያ ፋብሪካዎች የጥርስን መጠን ሞጁል በሚባል የሚሊሜትር ልክ ይወስናሉ፤ የአሜሪካ ፋብሪካዎች በኢንች። በከባድ መኪና ላይ የተለመደ አንድ የአውሮፓ ልክ ሞጁል 3 ነው። ለእሱ የሚቀርበው የአሜሪካ ልክ ወደ ሚሊሜትር ሲለወጥ 3.175 ይመጣል። ሁለቱን ቤንዲክስ እጅ ላይ አስቀምጦ ለሚያይ ሰው ወንድማማች ናቸው። ነገር ግን በሞጁል 3 ከአንዱ ጥርስ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት 9.42 ሚሊሜትር ነው፤ በሌላው 9.97። በአንድ ጥርስ የግማሽ ሚሊሜትር ልዩነት አለ። ሞተሪኖው ሲገባ የመጀመሪያው ጥርስ በደንብ ይያዛል፣ ሁለተኛው ጠርዝ ላይ ይወጣል፣ ከዚያ መፋጨት ነው። ሞተሩ ይነሳል፤ ባለንብረቱም ተደስቶ ከፍሎ ይሄዳል። ብረቱ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እየተላጨ ነው።

ይህን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሞተሪኖው ከወረደ በኋላ በቀዳዳው በኩል የፍላይዊሉ ጥርስ ይታያል። ከአንድ ጥርስ ጫፍ ተነስቶ አምስት ጥርስ አልፎ እስካለው ጫፍ ድረስ መለካት ነው። ሞጁል 3 ከሆነ 47 ሚሊሜትር ገደማ ይመጣል፣ የኢንቹ ልክ ከሆነ 50 ገደማ። በአንድ ጥርስ ላይ ለዓይን የማይታየው ልዩነት በአምስት ጥርስ ወደ ሦስት ሚሊሜትር አድጎ ማንኛውም ተማሪ ሊያነበው ይችላል። ካሊፐሩ ወደ ውስጥ ካልገባ ወረቀት በጥርሱ ላይ ጫን አድርጎ የግራሶውን አሻራ ማንሳትና አሻራውን መለካት ይቻላል። ይህ ሥራ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ቤቱ ነው፤ የቡሎን ቀዳዳዎቹ ርቀት፣ የአፍንጫው ውፍረት፣ ከሁሉም በላይ ጥልቀቱ። ቀዳዳ ካልገጠመ ይሰፋል፣ አፍንጫ ካልገባ ቶርኖ ቤት ይላጫል፤ በዚህ ረገድ የአገራችን ባለሙያ ብርቱ ነው። ጥልቀት ላይ ግን ብዙ ጊዜ ግምት ይገባል። ቤንዲክሱ ባረፈበት ጊዜ በእሱና በፍላይዊሉ ጠርዝ መካከል ጥቂት ሚሊሜትር ክፍተት መኖር አለበት፤ ሲወረወር ደግሞ የጥርሱን አብዛኛውን ስፋት መያዝ አለበት። ክፍተቱ ከጠበበ ሞተሩ ሲሠራ ቤንዲክሱን እየነካ ይውላል፤ ከሰፋ ጥርሱ በጫፉ ብቻ ይይዛል፣ ጫፍ ብቻ የያዘ ጥርስ ደግሞ የሞተሩን ክብደት ሲሸከም ይሰበራል። ሮንዴላ ከሥር አስገብቶ ማስተካከል ትክክለኛ ዘዴ ነው፤ የሚያስፈልገው የሮንዴላው ውፍረት ከልኬት መምጣቱ ነው። የጥርስ ብዛትም ከቤቱ ጋር የተያያዘ ነው። በሞጁል 3 መደበኛ ስሌት ቤንዲክሱ አንድ ጥርስ ሲጨምር መሐል ለመሐል ያለው ርቀት በ1.5 ሚሊሜትር መስፋት ይኖርበታል። ባለ አሥር ጥርሱን አውጥቶ ባለ አሥራ አንድ ማስገባት በሌላው ሁሉ ልኩ ቢገጥም እንኳ እዚህ ላይ ሊጣበቅ ይችላል። የአዟዟሩ አቅጣጫም አለ። አብዛኛው ሞተሪኖ ከጥርሱ በኩል ሲታይ በሰዓት አቅጣጫ ይዞራል፤ ከፍላይዊሉ ተቃራኒ ጎን የሚገጠም ግን ወደ ግራ መዞር አለበት። ይህን ጠረጴዛ ላይ በባትሪ ሞክሮ ማየት የደቂቃ ሥራ ስለሆነ አላረዝመውም።

ጉልበት ላይ ግን ማረፍ ያስፈልጋል፤ የሰሜን ጎንደር መልክዓ ምድር ከሌላው አገር የሚለየን እዚህ ላይ ነው። የናፍታ ሞተር ሻማ የለውም። አየሩን ከ16 እስከ 20 እጥፍ አምቆ በሚፈጥረው ሙቀት ነው ናፍታውን የሚያቀጣጥለው። ለዚህም ሞተሪኖው ሞተሩን በደቂቃ ከ100 ዙር በላይ ማዞር አለበት። ከዚያ ከዘገየ የታመቀው አየር በፒስተኑ ቀለበት ያፈተልካል፣ ሙቀቱንም ቀዝቃዛው ብረት ይወስደዋል፤ ጭስ ይወጣል እንጂ ሞተር አይነሳም። መተማ ከባሕር ወለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ናት፣ ሙቀቱም የታወቀ ነው። ማክሰኝት 2 ሺህ ሜትር ገደማ፣ ደባርቅ 2,800 ሜትር አካባቢ ናት። ደባርቅ ላይ ያለው የአየር ግፊት ከመተማው ከአምስት አንድ እጅ በላይ ያንሳል። ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ የሞተሩ ዘይት ይወፍራል፣ ባትሪውም የሚሰጠው ጉልበት ይቀንሳል። ሦስቱ በአንድ ጠዋት ይገናኛሉ፤ ሳሳ ያለ አየር፣ ወፍራም ዘይት፣ የደከመ ባትሪ። ሞተሪኖው ሲገጠም የተፈተነው መተማ ላይ በቀትር ከሆነ ፈተናው ፈተና አልነበረም። ያ ሞተሪኖ ዳባት ወይም ደባርቅ ላይ አድሮ ሲነጋ ያለቅሳል እንጂ አያዞርም። ስለዚህ ለዚህ አካባቢ የሚገዛ ተቀያሪ ሞተሪኖ ኪሎዋቱ ከቀድሞው ማነስ የለበትም። ይህ የምርጫ ጉዳይ አይደለም።

ትልቅ ሞተሪኖ ገጥሞ መገላገል ነው እንዳይባልም የራሱ ዕዳ አለው። ባለ 24 ቮልት፣ 5 ኪሎዋት የሆነ ሞተሪኖ ሞተር ሲያዞር ከባትሪው የሚስበው 400 አምፔር አካባቢ ሊደርስ ይችላል። በዚህ መጠን ላይ የኬብሉ ቅጥነትና የመቋጫው ዝገት ወሳኝ ይሆናሉ፤ የአንድ ሺኛ ኦም መከላከያ ብቻ ወደ ግማሽ ቮልት የሚጠጋ ይበላል። ባትሪውንና ኬብሉን እንደነበሩ ትቶ ጉልበተኛ ሞተሪኖ ማስገባት ገመዱን ማጋል፣ ቤንዲክሱን የሚወረውረውን ሶሌኖይድ ማጣበቅ ነው። ሶሌኖይዱ ተጣብቆ ቤንዲክሱ ሳይመለስ ቢቀር ደግሞ ስሌቱ አስፈሪ ነው። የፍላይዊሉና የቤንዲክሱ ጥርስ ንጽጽር 12 ለ 1 ቢሆን፣ ሞተሩ በደቂቃ 800 ዙር ሲሠራ ቤንዲክሱ 9,600 ዙር ይሽከረከራል። በቤንዲክሱ ውስጥ ያለው ነጻ መልቀቂያ ለጥቂት ጊዜ ይከላከላል፤ እሱ ከያዘ የውስጡ ሽቦ ከቦታው እየተነቀለ ይበተናል። ባለ 12 ቮልት የፒክአፕ ሞተሪኖ በ24 ቮልት መኪና ላይ «ለዛሬ ብቻ» ተብሎ የሚገጠመውም መጨረሻው ይኸው ነው።

የተሳሳተ ሞተሪኖ የሚያስከፍለው የሞተሪኖውን ዋጋ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባለንብረቱ ከኪሱ ተምሮ ነገሩ ባለቀ ነበር። ጉዳቱ ግን ወደ ፍላይዊሉ ይሻገራል። ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ሲጠፋ ዝም ብሎ የትም አይቆምም፤ እየታመቀ ያለው ሲሊንደር እየመለሰው ዘወትር በሦስት ቦታዎች አካባቢ ነው የሚያርፈው፤ ባለ አራቱ በሁለት። በዚህ የተነሳ የፍላይዊሉ ጥርስ ዙሪያውን እኩል አያልቅም፤ በእነዚያ ቦታዎች ይበላል። «ሲፈልግ ይነሳል፣ ሲፈልግ እምቢ ይላል» የሚባለው መኪና ምሥጢሩ ብዙ ጊዜ ይኼ ነው። ሞተሩ በደህናው ጥርስ ላይ ሲቆም ይነሳል፣ በተበላው ላይ ሲቆም ቤንዲክሱ ባዶውን ይጮኻል። ሞተሪኖ ሲቀየር ሞተሩን በእጅ አንድ ሙሉ ዙር አዙሮ ጥርሱን ሁሉ ያላየ መካኒክ አዲሱን ሞተሪኖ በአሮጌ ጥርስ እያስበላ ነው። ያንን የጥርስ ቀለበት ለመቀየር ካምቢዮ መውረድ፣ ፍሪሲዮን መፈታት፣ ፍላይዊሉ መውጣት፣ ቀለበቱ በእሳት ሞቆ መግባት አለበት። ከሞተሪኖው ላይ የተቆጠበው ብር እዚህ ብዙ እጥፍ ሆኖ ይወጣል።

ከገንዘቡ የሚከብደው የሰው ሕይወት ነው። ሞተሪኖውን ያላመነ ሾፌር መኪናውን ቁልቁለት ላይ ያቆማል፣ ጠዋት አንከባሎ እንዲያስነሳው፤ ሊማሊሞን በመሰለ መንገድ ላይ ጭነት የያዘ መኪና ሞተሩ ጠፍቶ፣ የአየር ፍሬኑ ሳይሞላ ሲንከባለል ምን ሊሆን እንደሚችል ማንም ያውቃል። ሌላው ሞተሩን ሳያጠፋ ያድራል፤ ከባድ የናፍታ ሞተር ቆሞ ሲሠራ በሰዓት ከሁለት እስከ ሦስት ሊትር ሊጠጣ ይችላል፣ ያውም ናፍታ ለመቅዳት ሰልፍ በሚታደርበት አገር። ሦስተኛው ከሥር ገብቶ ሶሌኖይዱን በካቻቢቴ አገናኝቶ ዳይሬክት ያስነሳል። ማርሹ ውስጥ ከሆነ መኪናው ይነሳና ይሄዳል፣ ከሥሩ ያለውም ብዙውን ጊዜ ረዳቱ ነው። እነዚህ ሁሉ የመንገድ ደህንነት ጉዳዮች ናቸው፤ ምንጫቸው ግን ባለመለካቱ በየጊዜው የሚከዳ አንድ ሞተሪኖ ነው።

«እንዲህ ከሆነ ማቀያየሩን መከልከል ነው» የሚል መልስ ሊሰጠኝ ይችላል። ሐሳቡ ከቅንነት የሚመጣ ነው፤ ነገር ግን ክልከላ የሚሠራው አማራጭ ሲኖር ነው። ፋብሪካው መለዋወጫውን መሥራት ያቆመለት ኤንትሬ አሁንም እህል ይጭናል። ለእንዲህ ያለው መኪና ማርሽ ያለው አዲሱ ዓይነት ሞተሪኖ፣ ክብደቱ ከአሮጌው ግማሽ ገደማ ሆኖ የማዞር ጉልበቱ የማያንሰው፣ በትክክል ተለክቶ ቢገባለት ከመጀመሪያው ዕቃ የተሻለ ነው። ክልከላ ይህንን ጥሩ ሥራ ከመጥፎው ጋር አብሮ ያጠፋል፤ ወይም ደግሞ ሁለቱንም ወደ ጓዳ ያስገባቸዋል፣ ያኔ ማንም አያያቸውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከራሳቸው ከባለሙያዎቹ የሚመጣ ነው፤ «እኛ በዓይናችን እናውቀዋለን» ይላሉ። ይህን ቃል በአክብሮት ነው የምሰማው። ማክሰኝት ላይ ያለ አንድ የበሰለ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ የተቃጠለ ሞተሪኖ ሽቦ እንደገና ጠቅልሎ፣ ካርቦኑን ከሌላ ሞርዶ አስገብቶ፣ ቡሹን ቶርኖ ቤት አስወጥቶ እንደ አዲስ ሲያሠራው የሚታይ ነው። የትኛው ሞተሪኖ ከየትኛው ሞተር ጋር እንደሚስማማም በብዙ ሙከራ ተምሯል። ነገር ግን ዓይን ግማሽ ሚሊሜትር አይለይም፤ ይህ የሙያ ጉድለት አይደለም፣ የዓይን ወሰን ነው። ከዚያም በላይ ያ ዕውቀት ያለው በእሱ ጭንቅላት ብቻ ነው። እሱ ወደ አዲስ አበባ ቢሄድ፣ ቢታመም፣ ቢሞት ማክሰኝት እንደገና ከሀ ትጀምራለች፤ ሙከራውም በሌላ ሰው መኪና ጥርስ ላይ ይደገማል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ትልቁ ክብር ያወቀው ነገር በቁጥር ተጽፎ በስሙ እንዲቀመጥ ማድረግ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሰው ጫማ የሚገዛው በቁጥር እንደሆነ ሁሉ እያንዳንዱ ሞተሪኖ፣ አዲስም ሆነ ያገለገለ፣ ከሱቅ ሲወጣ ቁጥሮቹን የያዘ ካርድ በአንገቱ ይታሰርለት፤ ቮልቱ፣ ኪሎዋቱ፣ የጥርሱ ብዛት፣ ሞጁሉ፣ የሚዞርበት አቅጣጫ፣ የአፍንጫው ውፍረት፣ የቀዳዳዎቹ ርቀት፣ ቤንዲክሱ ሲያርፍና ሲወረወር ከፊቱ ያለው ርቀት። ሻጩ አንድ ካሊፐርና አንድ እርሳስ ይበቃዋል። በሌላ በኩል ደግሞ በአካባቢው የሚመላለሱት ሞተሮች የፍላይዊል ልክ የተመዘገበበት ሠንጠረዥ ያስፈልጋል። ለዚህ ሥራ ከጎንደር ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ የተሻለ ቦታ አላውቅም። የአውቶ ሜካኒክስ ሠልጣኞች ለተግባር ልምምድ ጋራዥ መውጣታቸው አይቀርም፤ በወጡ ቁጥር የወረደ ሞተሪኖ ባገኙ ጊዜ የሚሞሉት አንድ ገጽ ቅጽ ቢሰጣቸው በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሰሜኑ መንገድ ሞተሮች ሁሉ ልክ በአማርኛ ተጽፎ ይገኛል። የሥራና ክህሎት ሚኒስቴርም ለምዘና በሚያወጣቸው መመዘኛዎች ላይ ሞተሪኖ ፈትቶ ከመግጠም በተጨማሪ «ከሌላ ሞተር የመጣን ሞተሪኖ ለክተህ ይሆናል ወይም አይሆንም በል» የሚል ፈተና ይጨምር። ሠልጣኙ ጋራዥ ሲገባ በየቀኑ የሚገጥመው ይኸኛው ነውና። የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት ደግሞ የካርዱን ይዘት ብቻ ቢወስን ትልቅ ነገር ሠራ ማለት ነው።

ነጋዴው ይህን አይቀበልም የሚሉ አሉ፤ ካርድ የሌለው ዕቃ ዋጋው በአፍ ስለሚወሰን ይመቸዋል ይላሉ። ለአንዳንዱ እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ነጋዴው ዛሬ የሚከስረውን እንየው። ገጥሞ አልሆነም ተብሎ የሚመለስ ዕቃ፣ በተፈተነበት ቀን ጥርሱ የተላጨ፣ «ስትሸጥልኝ ደህና ነው ብለኸኛል» የሚል ጭቅጭቅ፣ የሚሄድ ደንበኛ። በመደርደሪያው ላይ «የአይሱዙ» ተብሎ አንድ ዓመት የተቀመጠ ሞተሪኖ በልኩ ቢጻፍ ለሦስትና ለአራት ዓይነት ሞተር የሚሆን ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ካርዱ ገበያውን ያሰፋለታል። መጀመር ያለበትም በግዴታ ሳይሆን ማክሰኝትን በመሰለች ከተማ ባሉ ጥቂት ፈቃደኛ ሱቆችና ጋራዦች ነው፤ ገዢው ካርድ ያለውን መጠየቅ ሲጀምር ሌላው ይከተላል።

የመጨረሻው ጥያቄ ከላይ የሚመጣ ነው። ጥር 2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል፤ ዘመኑ ወደ ኤሌክትሪክ እየሄደ ስለ ናፍታ መኪና ሞተሪኖ መድከም ምን ይጠቅማል ይባል ይሆናል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ከባድ ታክስ ከጣለ፣ ዶላሩም ከተወደደ ወዲህ የጭነት መኪና መተካት ከባድ ሆኗል። ስለዚህ አሁን መንገድ ላይ ያለው የናፍታ መኪና ከታሰበው በላይ ረጅም ዓመት ይሠራል፣ ባረጀም ቁጥር ሞተሪኖው ደጋግሞ ይጠየቃል። አዲሶቹ ኮመንሬል ሞተሮችም ከዚህ ነጻ አይደሉም። የናፍታው ግፊት ሳይሞላ ኮምፒውተሩ መርጨት ስለማይፈቅድ ደካማ ሞተሪኖ በእነሱ ላይ ጭራሽ አያስነሳም፤ ሾፌሩም ጥፋቱን ከፓምፑና ከመርጫው እየፈለገ ብዙ ብር ያወጣል። እዚያ ሞተር ላይ ተቀያሪ ሞተሪኖ ከመግባቱ በፊት በካርዱ ላይ መጀመሪያ መነበብ ያለባቸው ኪሎዋቱና የጥርሱ ንጽጽር ናቸው።